እልፍ ስንል ስንት ማለታችን ነው?

በኅዳር 2017 ዓ.ም. አንድ አዲስ ስም ወደ መንግሥታችን የሒሳብ መዝገብ ገባ። ለበጀት ዓመቱ አስቀድሞ የጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፤ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ሲታከልበት ግን ድምሩ የቢሊዮንን አጥር ዘለለና «ትሪሊዮን» ተባለ። በዚያው ዓመት ሰኔ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ2018ን በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር አድርጎ አጸደቀ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ መውጣቱን የሚያስታውስ ሰው ዕድገቱ ሁሉ ዕድገት እንዳልሆነ ይረዳል፤ እርሱን ለምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ እተወዋለሁ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ቃሉ ሲመጣ ያስደነገጠው፣ ያስገረመው፣ ወይም «ይህ ደግሞ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። ከሚሊዮን ወደ ቢሊዮን፣ ከቢሊዮን ወደ ትሪሊዮን የተሻገርነው ከአንድ ሠፈር ወደ ሌላ ሠፈር በሚኒባስ እንደምንሻገረው ነው፤ ረዳቱ ስሙን ይጠራል፣ እኛ እንወርዳለን።

ስለዚህ ዛሬ ስለ በጀት ሳይሆን ስለ ታላላቅ ቁጥሮች ስም ልጽፍ ተነሣሁ። ውድ አንባቢዎቼ ነገሩን የትርፍ ሰዓት ጨዋታ አድርገው እንዳያዩብኝ እለምናለሁ። አንድ ሕዝብ ስሙን ብቻ የሚያውቀውን፣ ልኩን ግን የማያውቀውን ቁጥር ይዞ ማንንም ሊጠይቅ አይችልም። እኛ ደግሞ በአንድ ወቅት ልኩን የምናውቅ ሰዎች ነበርን።

ከግእዝ ልጀምር። ግእዝ «ሺህ» የሚል ቃል የለውም። ሺህ የአማርኛ ነው። ግእዙ መቶን «ምእት» ይላል፤ ሺህን ለማለት ሲፈልግ «ዐሠርቱ ምእት»፣ ማለትም ዐሥር መቶ ብሎ ያልፋል፤ ሲጽፈውም ፲፻ ነው። ራሱን የቻለ ስም የሚሰጠው ለዐሥር ሺህ ነው፤ እርሱም «እልፍ» ይባላል፤ ምልክቱ ፼። ዕብራውያን በ«ኤሌፍ»፣ ዐረቦችም በ«አልፍ» ሺህን ሲጠሩ፣ ያው የሴም ሥር ወደ እኛ ተሻግሮ ዐሥር እጥፍ አድጎ መገኘቱ ያስደንቃል። ከእልፍ በላይ ያለውን የግእዝ መምህራን እንዲህ አድርገው ያስተምራሉ፤ ዐሥር እልፍ (100,000) «አእላፍ»፣ መቶ እልፍ (1,000,000) «አእላፋት»፣ ሺህ እልፍ (10,000,000) «ትእልፊት»፣ እልፍ ጊዜ እልፍ (100,000,000) «ትእልፊታት»፣ የዚያ ዐሥር እጥፍ (1,000,000,000) «ምእልፊት»። ቢሊዮን ስንለው የምንውለው ቁጥር ምእልፊት የሚል ስም በቤታችን ተቀምጦለት ነበር ማለት ነው።

በሰዋስው ዓይን ካየነው «አእላፍ» የእልፍ ብዙ ቁጥር ነው፤ «አእላፋት» ደግሞ የብዙው ብዙ። እንደኔ ግምት እነዚህ ቃላት መጀመሪያ «ብዙ» እና «እጅግ ብዙ» ለማለት ያገለገሉ ነበሩ፤ ኋላ የትምህርት ቤት ሰዎች ደረጃ ሰጥተው በመሰላል አቆሟቸው። ይህ የሚያሳፍር ነገር የለውም። «ሚሊዮን» የተባለው ቃልም የተወለደው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጣሊያኖች «ሚሌ» (ሺህ) ከሚለው ቃላቸው ላይ የማተለቂያ ቅጥያ ጨምረው «ትልቁ ሺህ» አሉት። የእነርሱ ትልቁ ሺህ ዓለምን ሲዞር የእኛ ትልቁ እልፍ ከቤተ ክህነት ቅጥር ሳይወጣ ቀረ።

የአጻጻፉን ሥርዓት ጠጋ ብሎ ላየው ደግሞ ከስሞቹም የበለጠ ያስደስታል። የግእዝ አኃዞች መነሻቸው የግሪክ ፊደላት መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ፩ ከአልፋ፣ ፪ ከቤታ፣ ፻ ከሮ። ግሪኮች ከሮ ቀጥለው ለ200፣ ለ300፣ ለ400 ሌላ ሌላ ፊደል መድበው ነበር። የእኛዎቹ ግን መቶ ላይ ሲደርሱ መበደሩን አቆሙ። ሁለት መቶን ፪፻ ብለው በማባዛት ጻፉት፤ ሁለት ፻ አጋጥመው ፼ን ሠሩ፤ መቶ በመቶ ሲባዛ እልፍ ነውና ቅርጹ ራሱ ስሌቱን ይናገራል። ከዚያ በኋላ አዲስ ምልክት አላስፈለጋቸውም፤ ፻ እና ፼ እየተፈራረቁ የፈለጉትን ያህል ርቀት ይሄዳሉ። ዜሮ የለውም እየተባለ ብዙ ይታማል፤ ቦታውን የሚጠብቁለት ፻ እና ፼ ስላሉለት ለመጻፍ ዜሮ አላስቸገረውም። ማካፈልና ማባዛት በወረቀት ላይ ሲመጣ ግን በእርግጥ ያዳክማል፤ የሌለውን አለው ማለት አልፈልግም።

አሁን ወደ ትሪሊዮናችን እንመለስ። አንድ ትሪሊዮን 1 ቁጥርን 12 ዜሮ የሚከተለው ነው። እልፍ አራት ዜሮ አለው። እልፍ ጊዜ እልፍ ስምንት፣ እልፍ ጊዜ እልፍ ጊዜ እልፍ ዐሥራ ሁለት። ትሪሊዮን እንግዲህ ፼፼፼ ነው፤ ሦስት እልፍ ጎን ለጎን። «ትሪ» የሚለው የላቲን ቅጥያ ትርጉሙ ሦስት ነው። በዛሬው የእንግሊዝኛ አቆጣጠር ትሪሊዮን ውስጥ ግን ሦስት ጊዜ የተደረገ ምንም ነገር አናገኝም፤ ሺህ በራሱ የተባዛው አራት ጊዜ ነው። ስሙ ሐቅ የሚሆነው በግእዙ ነው። ይህን ያስተዋልሁ ዕለት ብቻዬን ስቄአለሁ።

ስሙ እንዲህ ከልኩ ጋር የተለያየበት ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1484 ኒኮላ ሹኬ የተባለ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሰው ቢሊዮን፣ ትሪሊዮን እያለ ስም ሲያወጣ እያንዳንዱ እርከን በሚሊዮን የሚባዛ ነበር። ቢሊዮን ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን፣ ትሪሊዮን ደግሞ ሚሊዮን ሦስት ጊዜ በራሱ። ኋላ እዚያው ፈረንሳይ ውስጥ እርከኑን በሺህ የሚቆጥሩ ተነሡ፤ አሜሪካውያን ይህንኛውን ወሰዱ፤ እንግሊዞች በፊተኛው ጸኑ። አንዱ ስም ሁለት ልክ ያዘ። የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን መንግሥታቸው «ቢሊዮን» ሲል ሺህ ሚሊዮን ማለቱ መሆኑን ለፓርላማ ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1974 ነው፤ እኛ ዘውድ ባወረድን በሦስተኛው ወር። እንግዲህ ከጣሊያን ወረራ በፊት በፈረንሳይኛ የተማረው ያገራችን ሰው፣ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ በእንግሊዝ መጻሕፍት የተማረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ደግሞ ከአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን እጅ የተማረው፣ ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው «ቢሊዮን» ቢሉ አንድ ነገር ስለማለታቸው ዋስትና አልነበረም።

ጣጣው ዛሬም አላለቀም። ጀርመኖችና ጣሊያኖች አሁንም በሹኬ እርከን ነው የሚቆጥሩት። ፍራንክፈርት ያለ ወንድማችን ያገሩን ዜና አንብቦ ለጀርመናዊ ጎረቤቱ «የኢትዮጵያ በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆነ» ቢለው፣ ሰውዬው የሚሰማው ከእውነተኛው ሚሊዮን እጥፍ የበለጠ ቁጥር ነው። ፼፼፼ ላይ እንዲህ ዓይነት ክርክር አይነሣም።

በእልፍ መቁጠር የኋላ ቀርነት ምልክት የሚመስላቸው ካሉ ቻይናን ይመልከቱ። ቻይናውያን እስከ ዛሬ የሚቆጥሩት በዐሥር ሺህ ነው፤ «ዋን» ይሉታል። ዋን ጊዜ ዋን ሲደርሱ «ዪ» የሚል አዲስ ስም ያወጣሉ፤ ከእኛ ትእልፊታት ጋር እኩል ነው። በዚህ ቋንቋ ነው የዓለምን ሁለተኛ ትልቅ ኢኮኖሚ የሚመሩት። አርኪሜድስም ዓለሙን ሁሉ የሚሞላ አሸዋ ስንት ቅንጣት እንደሚሆን ሊቆጥር ሲነሣ የያዘው መስፈሪያ የግሪኮቹ እልፍ ነበር፤ እልፍ ጊዜ እልፍን እንደ አዲስ አሐድ ወስዶ ከዚያ ወደ ላይ ተጓዘ።

ሕንዶቹ ደግሞ ይብሳሉ። እነርሱ መቶ ሺህን «ላክ»፣ ዐሥር ሚሊዮንን «ክሮር» ይላሉ፤ በጀታቸውም ጋዜጣቸውም በዚሁ ይነገራል። ላክ አእላፍ ነው፣ ክሮር ትእልፊት ነው። እኔ የምኖርበት አቃቂ ቃሊቲ ይህን ቋንቋ በጆሮው የሰማ ሠፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ማብቂያ የሕንዱ የቢርላ ቤት ከኢትዮጵያውያን ጋር ተሻርኮ አቃቂ ላይ የኢንዶ-ኢትዮጵያን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከፈተ፤ ደርግ በ1967 ዓ.ም. እስኪወርሰው ድረስ የሒሳቡ ክፍል ሰዎች የአንድ ብር ሒሳብ በሁለት ሥርዓት ሲናገሩ እንደኖሩ ከጡረተኞቹ አንዱ የሆኑ ጎረቤቴ ያጫውቱኛል። «ሕንዱ ላክ ሲል እኛ መቶ ሺህ እንላለን፤ አእላፍ የሚሉት ቄሱ ብቻ ነበሩ» አሉኝ አንድ ቀን። ሕንዳዊው ፋብሪካ ሊከፍት ሲመጣ ላኩን ይዞ መጣ። እኛ ፋብሪካ ስንገባ አእላፋችንን ደጅ ትተን ገባን።

እንዴት ተውነው? ቃሉ መች ጠፋ! «እልፍ አእላፍ» የማይል ደራሲ፣ የማይል ሰባኪ፣ የማይል ካድሬ የለም። የጠፋው ልኩ ነው። እልፍ ዛሬ በአማርኛ «ስፍር ቁጥር የሌለው» ለማለት ሆኗል፤ ይኸውም ከጥንተ ትርጉሙ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል፤ እልፍ ስፍርም ቁጥርም ያለው፣ ከ9,999 ቀጥሎ የሚመጣ ቁጥር ነውና። ሳኦል ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 18 ሴቶቹ ከበሮ ይዘው ወጥተው ለሳኦል በሺህ ለዳዊት በእልፍ ሲዘፍኑለት ንጉሡ ፊቱ ጠቆረ፤ አንዱ ከሌላው ዐሥር እጥፍ እንደሚበልጥ ወዲያው ሰላ። በዘፈን የተነገረ ቁጥር ውስጥ ያለውን ፖለቲካ የሚሰማ ጆሮ ነበረው። ዛሬ ቢሆን ሁለቱም «እጅግ ብዙ» ተብለው ይታለፉ ነበር።

ስሞቻችንን ደግሞ እዩአቸው። ሺፈራው፣ ሺመልስ፣ ሺበሺ፣ እልፍነሽ። ሺህ የሚፈራው፣ ሺህ የሚመልስ፤ ሺበሺማ ሺህ በሺህ ነውና በቁሙ ሚሊዮን ነው። ሚሊዮን የሚባሉ ወንድሞቻችን በአንድ ዕድሜ ክልል ብቅ ያሉት አባቶቻቸው ይህን የውጭ ቃል ሰምተው ስለወደዱት ነው። ትሪሊዮን የሚባል ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ጊዜው ቅርብ ይመስለኛል። እናት ልጇን እልፍነሽ ስትል ዐሥር ሺህ ነሽ ማለቷ ነው፤ ለምርቃት የወጣ ቁጥር ልክ አይጠየቅም፣ ይገባል። ችግሩ የሚጀምረው ምርቃቱ ወደ መንግሥት መግለጫ ሲገባ ነው።

በነጋዴው ዘንድ ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዷል። ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ብረታ ብረት፣ ሞተርና ማሽነሪ የሚሸጥባቸው መደብሮች ተደርድረዋል፤ ደላሎቹ ዋጋ ሲጠሩ ይሰሙ። «ሦስት ነጥብ ሁለት»፤ በቃ። ሚሊዮን የሚለውን ስም ጥለውታል፤ ሰሚው ያውቀዋልና። እኔ ይህን አልነቅፍም። ደላላው የቁጥሩን ስም የጣለው ልኩን ከመጠን በላይ ስለሚያውቀው ነው፤ ከሦስት ነጥብ ሁለት ላይ ነጥብ አንድ ብታጎድልበት ይነቃል። የሕዝቡ ቁጥር በሚነገርበት አዳራሽ ግን ስሙ በሙሉ ድምፅ ይጠራል፣ ልኩን የሚነካው የለም።

ልኩን እንንካው። አንድ ሰው በየሰከንዱ አንድ ብር እየቆጠረ ቢቀመጥ እልፍ ብር ለመቁጠር ሁለት ሰዓት ከ46 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቢጀምር ከምሳ በፊት ይጨርሳል። እልፍ ጊዜ እልፍን ለመቁጠር ሳይተኛ ሳይበላ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር። እልፍ ጊዜ እልፍ ጊዜ እልፍ፣ ማለት አንድ ትሪሊዮን ብር፣ ከ31,600 ዓመት በላይ። በባሕረ ሐሳብ 2018 ዓ.ም. ማለት 7518 ዓመተ ዓለም ነው፤ ቆጣሪው ከአዳም ጀምሮ እስከዚያ ዓመት ያለውን ዘመን አራት ጊዜ ደጋግሞ ቢኖረው አይበቃውም። በጀቱ ደግሞ የዚህ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው።

አሁን ወደ አክሱም ልውሰዳችሁ። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና በኖባ ላይ ዘምቶ ሲመለስ ያሠራው የግእዝ የድንጋይ ጽሑፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1906 የመጣው፣ ኤኖ ሊትማን የመራው የጀርመን ቡድን ካነበባቸውና ካሳተማቸው መካከል ነው። ንጉሡ በድንጋዩ ላይ ይኩራራል፤ ድሉን ያወራል፤ የሚያወራው ነገርም ጨካኝ ነው። ነገር ግን ሒሳቡን ያቀርባል። የተማረኩ ወንዶች 214፣ ሴቶች 415፣ ድምር 629። የተገደሉ ወንዶች 602፣ ሴቶችና ሕፃናት 156፣ ድምር 758። የተማረኩትና የተገደሉት በአንድነት 1,387። ከብት 10,560፤ በግ 51,050። ወረቀት አውጥታችሁ ደምሩት፤ ልክ ይመጣል። በቤጃዎቹ ጽሑፍ ላይም ለስድስቱ የቤጃ አለቆች ለያንዳንዳቸው 4,190 ከብት ተሰጠ ይልና ድምሩን 25,140 ብሎ ያስቀምጣል፤ አባዙት፣ ልክ ነው። ቁጥሮቹ እውነት ስለመሆናቸው የዒዛና ቃል ብቻ ነው ያለን፤ የድል ሐውልት ደግሞ የታመነ ምስክር አይደለም። ቢሆንም ጸሐፊው አንባቢው ይደምራል ብሎ አስቧል። ድምሩን ከነዝርዝሩ ሰጥቶታል።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር የእኛ ዘመን ቁጥር ልጥቀስ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን፣ በ12 ሰዓት ውስጥ፣ 353,633,660 ችግኝ ተተከለ ተባለ። በግእዝ ይጻፍ ቢባል ፫፼፶፫፻፷፫፼፴፮፻፷ ይሆናል፤ 35,363 እልፍ ከ3,660። ችግኝ መትከልን የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ ከቦሌ እስከ አቃቂ ወንዝ ዳር የተተከለው ሁሉ ቢጸድቅ ደስ ይለኛል። የምጠይቀው ዒዛና ያለ ጠያቂ የመለሰውን ነው። ቁጥሩን ለ12 ሰዓት ስታካፍሉት በየሰከንዱ 8,186 ችግኝ ይደርሳል። እስከ መጨረሻዋ 60 ድረስ የተቆጠረ ቁጥር ከየትኛው ቀበሌ ስንት፣ ከየትኛው ወረዳ ስንት መጥቶ እንደተደመረ ሕዝብ ፊት ሊዘረዘር ይገባው ነበር። ትንሿ 60 ቁጥሩን የታመነ ታስመስለዋለች፤ ዝርዝር ከሌለ ግን ማስመሰያ ብቻ ሆና ትቀራለች። በ2017 ክረምት ግቡ በአንድ ቀን 700 ሚሊዮን ሆነ። ሰባት ትእልፊታት።

«ሺህ ቢታለብ ያው በገሌ» አለች ድመት። ይህችን ተረት ያወጣው ሰው ነፍሱን ይማረውና፣ የነፍስ ወከፍ ስሌትን ከማንም ምጣኔ ሀብት መምህር በተሻለ ገልጾታል። ሺህ ላም ይታለብ፤ የድመቷ ድርሻ በገል ስባሪዋ የሚሰፈረው ነው። ታዲያ ከ1.93 ትሪሊዮን ብር የያንዳንዳችን ገል ስንት ይይዛል? ለማካፈል የሕዝቡን ቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል። ያገራችን የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ትንበያ 110 ሚሊዮን ገደማ ይላል፤ የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ130 ሚሊዮን ይበልጣል። በአንደኛው ብናካፍል 17,500 ብር ያህል፣ በሌላው ብናካፍል ከ15,000 ብር ያነሰ። በሁለቱ ግምቶች መካከል ያለው የሰው ብዛት 20 ሚሊዮን ነው፤ ሁለት ሺህ እልፍ ሰው አለ ወይስ የለም የሚል ክርክር ማለት ነው።

ክርክሩ የሚያልቀው በቆጠራ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 በየዐሥር ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ ይካሄዳል ይላል። የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ተከታዩ በ2010 ተላለፈ፣ በ2011 እንደገና ተላለፈ፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች በሰኔ 2011 በጋራ ተሰብስበው ካራዘሙት ወዲህም አልተካሄደም። የ1999ኙም ቢሆን ያለ ቁስል አላለፈም፤ የአማራ ክልል ሕዝብ አስቀድሞ ከተተነበየው 2.4 ሚሊዮን ያህል አንሶ ተገኘና ነገሩ እስከ ፓርላማ ደረሰ። የወሊድ መቀነስ ነው፣ በሽታ ነው፣ ፍልሰት ነው የሚሉ ማብራሪያዎች ተሰጡ፤ ብዙ ሰው አልተዋጠለትም፤ ቁጥሩ ግን ጸንቶ ቀረ። የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ ቀመር ዋና መሠረቱ የሕዝብ ብዛት ነውና 240 እልፍ ሰው መኖሩና አለመኖሩ የትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያ፣ የመንገድ ጉዳይ ነው። የአንድ ቁጥር ስሕተት በሺህ የሚቆጠሩ መንደሮችን ውሃ ሊያስጠማ ይችላል።

የኔ ክፍለ ከተማ በዚያ ቆጠራ 181 ሺህ ገደማ ሰው ነበረው፤ ዐሥራ ስምንት እልፍ። ከዚያ ወዲህ ቱሉ ዲምቱ ላይ አንድ ከተማ የሚያህል የጋራ መኖሪያ ቤት ተሠርቶ ሰው ገብቶበታል። እዚያ የሚኖር፣ እዚያ የወለደ፣ ልጁን እዚያ ለአቅመ ትምህርት ያደረሰ ሰው በመንግሥት መዝገብ የሚታወቀው በትንበያ ነው። ትንበያ ማለት፣ ከዓመታት በፊት የተቆጠሩት ሰዎች በወረቀት ላይ ሲዋለዱ መቆየታቸው ነው። ጠዋት ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ በሚነሣው አውቶቡስ ውስጥ ስንጋፋ ረዳቱ «እልፍ በሉ፣ እልፍ በሉ» እያለ ይጮኻል። ከሌላ ግስ የመጣ ሌላ ቃል መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም በሰማሁት ቁጥር፣ ስንት እንደሆንን የሚጠይቀን እርሱ ብቻ ይመስለኛል።

እስካሁን ያልኩት ስለ ብር፣ ስለ ችግኝ፣ ስለ ሕያዋን ቁጥር ነው። ልጽፈው የተነሣሁበት ግን ሌላ ቁጥር ነበር፤ እያመነታሁ እዚህ አደረስሁት።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደው ጦርነት በፕሪቶሪያው ስምምነት ሲቆም ስንት ሰው እንደሞተ የተነገረ ቁጥር አልነበረም። በጥር 2015 የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት የቀድሞው የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ ለአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ሲናገሩ የሟቾቹ ቁጥር 600 ሺህ ሊደርስ እንደሚችል ገለጹ። ስድሳ እልፍ። በግእዝ ሲጻፍ ሁለት ምልክት ብቻ ነው፤ ፷፼። ከዚያ ያነሰ የገመቱ ተመራማሪዎች አሉ፤ የሚበልጥም የሚሉ አሉ። በግምቶቹ መካከል ያለው ልዩነት በብዙ እልፍ የሚሰፈር ነው። የትግራይ፣ የአማራና የአፋር እናቶች ልጆች፣ የወታደሩና የሲቪሉ፣ በጥይት የወደቀውና በረኀብ የሞተው በአንድ ክብ ቁጥር ውስጥ ገብተው ተከደኑ። መንግሥት ዝርዝር አላወጣም፤ የተዋጉት ወገኖችም የየራሳቸውን ሙሉ መዝገብ ለሕዝብ አላቀረቡም። በየቤቱ ግን ቆጠራው ተካሂዷል። በእኛም ሠፈር ድንኳን የተተከለበትን ቤት፣ መርዶ የመጣበትን ቀን፣ የቀረውን ልጅ ስም ዕድሩ ጠንቅቆ ያውቃል። የዕድሩ መዝገብ ክብ ቁጥር የለውም፤ አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያለ ነው የሚሄደው። እነዚያ መዛግብት ተሰብስበው ቢደመሩ ፷፼ የሚባለው ቁጥር ልክ ይሁን አይሁን ይታወቅ ነበር። የሚደምራቸው መሥሪያ ቤት ግን እስካሁን አልተቋቋመም።

ዒዛና የዘመተው በጠላቶቹ ላይ ነበር። የገደላቸውን ወንዶች 602 ብሎ ቆጠረ። የሴቶቹና የሕፃናቱ ቁጥር በድንጋዩ ላይ ለብቻው ተቀርጾአል፤ 156።